ከአሻንጉሊት ወታደር እስከ ጥንታዊ ሠራዊት፦ ማስረጃና ግምት የሚለዩበት ሙያ

የአሻንጉሊት ወታደር በብዙዎች ዘንድ የሕፃናት መጫወቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ በተለይ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በርካታ አዋቂዎች ከሱቅ የገዙትን ተራ የፕላስቲክ ወይም የብረት ወታደር ቆርጠው፣ ቀጥለውና ቀለም ቀብተው ወደ ሮማዊ እግረኛ፣ ወደ መቄዶንያ ባለ ረጅም ጦር ወይም ወደ ካርታጎ ዝሆነኛ በመለወጥ ጥንታዊ ውጊያዎችን በጠረጴዛ ላይ መልሰው ያካሂዳሉ። የጦርነት ጨዋታ በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ይህ ሥራ የራሱ ደንቦች፣ ማኅበራትና መጽሔቶች ያሉት የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው።

ሙያው ከመዝናኛነቱ ባሻገር ትኩረት የሚስብበት አንድ ዐቢይ ምክንያት አለ። የታሪክ ጸሐፊ "አምስት ሺህ የታጠቁ ወታደሮች ተሰለፉ" ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ቀለም ቀቢው ግን ማለፍ አይችልም። ቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላውን ምስል በእጁ ይዞ ብሩሹን ሲያነሳ፣ የጋሻው ቅርጽ ምን እንደነበር፣ ልብሱ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው፣ የራስ ቁሩ ከነሐስ ይሁን ከብረት መሠራቱን መወሰን ግድ ይለዋል። በመሆኑም ሥራው ስለ ጥንታዊ ሠራዊት በማስረጃ የሚታወቀውና በግምት የሚሞላው ነገር ፊት ለፊት የሚገናኙበት መድረክ ሆኗል።

ቀለም የተቀቡ የወታደር ምስሎችን ማዘጋጀት አዲስ ነገር አይደለም። በግብጽ አስዩት በተገኘው የባለሥልጣኑ መሰህቲ መቃብር ውስጥ ከ4 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ከእንጨት ተቀርጸው ቀለም የተቀቡ 40 ግብጻውያን ባለ ጦርና 40 ኑቢያውያን ቀስተኞች ተሰልፈው ተገኝተዋል። ምስሎቹ የተዘጋጁት ለጨዋታ ሳይሆን ሟቹን በወዲያኛው ዓለም እንዲያገለግሉ ታስቦ ነው። የእያንዳንዱ ግብጻዊ ወታደር የከብት ቆዳ ጋሻ የተለያየ ነጠብጣብ እንዲኖረው ተደርጎ መቀባቱ፣ የያኔው ባለሙያም ለዝርዝር ጉዳይ ምን ያህል ይጠነቀቅ እንደነበር ያሳያል።

ውጊያን በጠረጴዛ ላይ በሕግና በሥርዓት የማካሄዱ ልማድ መልክ የያዘው በፕራሻ ነው። ጌኦርግ ሊዮፖልድ ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ በ1812 ያዘጋጁትን ጨዋታ ለፕራሻው ንጉሥ አቅርበው ነበር። ልጃቸው ጌኦርግ ሃይንሪሽ ሩዶልፍ ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ በ1824 ያሳተሙት የተሻሻለ ደንብ ደግሞ በካርታ፣ በትናንሽ የሠራዊት ምልክቶች፣ በገለልተኛ ዳኛና ዳይስ በሚባለው ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠር የሚሠራ ነበር። በወቅቱ የጦሩ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ካርል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን ከተመለከቱ በኋላ ለመኮንኖች ሥልጠና እንዲውል ደግፈዋል። አሠራሩ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቶ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ኮሌጅን በመሳሰሉ ተቋማት የትምህርት አካል ሊሆን በቅቷል።

የአሻንጉሊት ወታደሩ ታሪክ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። በጀርመን ኑረምበርግ ከቆርቆሮ ቅይጥ ይሠሩ የነበሩ ጠፍጣፋ ወታደሮች በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስፋት ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ በ1893 የለንደኑ ብሪቴንስ ኩባንያ ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደር መሥራት በመጀመሩ የሚፈጀው ብረትና የምርቱ ዋጋ ቀንሶ ወታደሮቹ በብዙ ቤቶች ሊገቡ ችለዋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ በ1913 "ትንንሽ ጦርነቶች" በሚል ርዕስ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እነዚህን ወታደሮች ወለል ላይ አሰልፎ ለመጫወት የሚያስችል ደንብ አቀረቡ። ዌልስ በዚሁ መጽሐፍ ማጠቃለያ ላይ ጨዋታውን ጥቂት ጊዜ የሞከረ ሰው እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል ስህተት የበዛበት እንደሆነ ይገነዘባል ሲሉ አስጠንቅቀው ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት የተቀሰቀሰው በቀጣዩ ዓመት ነው።

ፋብሪካዎች በአብዛኛው ያመርቱ የነበረው የዘመኑን ሠራዊቶች እንጂ የጥንቱን አልነበረም። ኤርፊክስ የተሰኘው የእንግሊዝ ኩባንያ ከእ.ኤ.አ 1959 ጀምሮ በአንድ ሣጥን በርካታ ትናንሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን በርካሽ ዋጋ ለገበያ ማቅረቡ ለሙያው አዲስ በር ከፈተ። ኩባንያው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሮማውያንንና ጥንታዊ ብሪታንያውያንን ቢያመርትም፣ የፋርስን፣ የመቄዶንያን ወይም የካርታጎን ሠራዊት የፈለገ ሰው ያለውን ምስል ከመለወጥ ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበረውም።

በጥንታዊ ሠራዊቶች ላይ ያተኮረው እንቅስቃሴም የተደራጀው በዚሁ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ በ1965 በእንግሊዝ የጥንታውያን ማኅበር በቶኒ ባዝ አነሳሽነት ተመሥርቶ "ወንጭፍ" የሚል ትርጉም ያለው መጽሔት ማሳተም ጀመረ። እ.ኤ.አ በ1969 ደግሞ ፊል ባርከርና ባልደረቦቻቸው የጦርነት ጨዋታ ምርምር ቡድንን አቋቁመው ለጥንታዊ ውጊያዎች የሚያገለግል ደንብ አሳተሙ። ባርከር እ.ኤ.አ በ1975 ያወጡት አነስተኛ መመሪያም ብዙዎችን ወደ ሙያው አስገብቷል። የቡድኑ ስያሜ እንደሚያመለክተው፣ አባላቱ ደንብ ከመጻፋቸው በፊት የግሪክና የሮማ ጸሐፍትን ሥራዎች፣ ሐውልቶችንና የቁፋሮ ግኝቶችን ይመረምሩ ነበር።

ምን ያህል ወታደር መዘጋጀት እንዳለበት የሚወስነው ደንቡ ነው። በቡድኑ ቀደምት ደንቦች አንድ ምስል 20 ሰዎችን ይወክል ነበር። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዩስ የአንድ የሮማ ሌጌዎን እግረኛ በመደበኛ ጊዜ 4 ሺህ 200 እንደነበር ጽፏል። ይህም በጠረጴዛ ላይ 210 ምስሎችን መቀባት ይጠይቃል ማለት ነው። እ.ኤ.አ በ1990 የወጣው አጭር ደንብ ግን አንድን ሠራዊት በ12 መቆሚያዎች ብቻ እንዲወከል በማድረጉ፣ ጊዜና ገንዘብ ያነሰው ሰው ሙሉ ሠራዊት አዘጋጅቶ እንዲጫወት አስችሏል። በእያንዳንዱ መቆሚያ ላይ የሚቆሙት ምስሎች ብዛትም ትርጉም አለው። ተጠጋግቶ የሚዋጋ ከባድ እግረኛ በአራት ምስሎች ሲወከል፣ ተበታትኖ የሚወነጭፍ ቀላል እግረኛ በሁለት ይወከላል። ተመልካቹም የሠራዊቱን የአዋጋግ ስልት ከምስሎቹ ርቀት ብቻ ይረዳል።

የመለወጡ ሥራ የሚጀምረው ትክክለኛውን ምስል በመምረጥ ነው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች በመጀመሪያ የሚመለከቱት የምስሉን ልብስ ሳይሆን አቋሙን ነው። ልብስ ሊጨመርና ሊቀነስ ይችላል፤ የእጅና የእግርን አቀማመጥ መለወጥ ግን አስቸጋሪ ነው። በሌላ ዘመን ጠመንጃ አንግቶ የሚራመድ ወታደር ጠመንጃው በምላጭ ተቆርጦ ቢወገድለት ጦር ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ራስ ተቆርጦ በሌላው አንገት ላይ ይተከላል። በሙጫ የራሰ ስስ ወረቀት ሲደርቅ ካባ ይሆናል። ጠፍጣፋ ራስ ያለው የወረቀት ስፒል ክብ ጋሻ፣ በክብ የተቆረጠ ካርቶን ደግሞ ሰፊ ጋሻ ሆኖ ያገለግላል።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ትልቅ ሚና አለው። የታላቁ እስክንድር እግረኞች ይዘውት የነበረው ሳሪሳ የተባለ ጦር ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር ይረዝም እንደነበር ይታወቃል። ምስሎቹ ከእውነተኛው መጠን 72 ጊዜ ያነሱ ከሆኑ፣ አንድ ሜትር ከ70 ቁመት ያለው ሰው ሁለት ነጥብ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጦሩ ግን ከሰባት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከተሸካሚው ከሦስት እጥፍ በላይ የሚረዝም ጦር በፕላስቲክ ቢሠራ ይጎብጣል፤ ይሰበራልም። ስለዚህ በቀጭን የብረት ሽቦ ይተካል። ሽቦውን የያዙ ወታደሮች በረድፍ ሲሰለፉም፣ የመቄዶንያ ፋላንክስ ከፊት ለመቋቋም የሚከብድ፣ ከጎን ሲመቱት ግን በቀላሉ ዞሮ መከላከል የማይችል አሰላለፍ የሆነበት ምክንያት ያለ ብዙ ማብራሪያ ግልጽ ይሆናል።

ቁሱም የራሱ ጠባይ አለው። ቀደምቶቹ ርካሽ ምስሎች የተሠሩበት ፖሊኢትሊን የተሰኘ ለስላሳ ፕላስቲክ ተራ ሙጫም ሆነ ቀለም በቀላሉ አይዘውም። በመሆኑም ምስሉ አስቀድሞ በሳሙናና በሞቀ ውኃ ታጥቦ ከፋብሪካ የመጣው ቅባት ይወገዳል። የሚቀጠሉ ክፍሎች ደግሞ በሙጫ ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው በሚያልፍ ቀጭን ስፒል ይያያዛሉ። የብረት ምስል በአንፃሩ ቀለምና ሙጫ በሚገባ የሚቀበል ቢሆንም ለመቁረጥ መጋዝና ሞረድ ይፈልጋል።

የቀለም ቅቡ በደረጃ የሚከናወን ነው። በመጀመሪያ ምስሉ በሙሉ በአንድ ወጥ ቀለም ይሸፈናል። ቀጥሎ ቆዳው፣ ልብሱና መሣሪያው በየራሳቸው ቀለም ይቀባሉ። ከዚያም በውኃ የቀጠነ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ሲፈስበት በልብሱ እጥፋቶች ውስጥ ተጠራቅሞ ጥላ ይፈጥራል። በመጨረሻም ጎላ ያሉ ክፍሎች በፈካ ቀለም ይነካሉ፤ ምስሉም በተደጋጋሚ ሲያዝ እንዳይላጥ በቫርኒሽ ይሸፈናል። ብዙ ምስሎችን የሚያዘጋጁ ሰዎች አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሄዱም። ሃያ ወታደሮችን በአንድ ረድፍ አቁመው የሁሉንም ቀሚስ፣ ከዚያ የሁሉንም ጋሻ በተራ ይቀባሉ።

ሥራው ጥንቃቄም ይሻል። አሮጌ የብረት ወታደሮች በአብዛኛው የእርሳስ ቅይጥ በመሆናቸው በሚሞረዱበት ወቅት የሚወጣው ብናኝ መርዛማ ነው። ስለሆነም ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ከሥራ በኋላ እጅን መታጠብ፣ በሥራው ጠረጴዛ ላይ አለመመገብና ሕፃናትን ማራቅ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ በጋለ መሣሪያ በሚቆረጥበት ጊዜም አየር እንደልብ በሚዘዋወርበት ክፍል መሥራት ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ግን የትኛው ቀለም ትክክል ነው የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነው። የጥንት ሐውልቶች በአመዛኙ ቀለማቸውን አጥተው ነጭ ድንጋይ ሆነው ስለደረሱን ማስረጃው ጥቂት ነው። በሶርያ ዱራ ኤውሮጶስ በ1930ዎቹ በተካሄደ ቁፋሮ የተገኘውና በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሦስተኛው ክፍለ ዘመን የሮማ ጋሻ ቀይ ቅቡን እንደያዘ የተረፈ ብርቅ ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ በ1887 በሲዶን የተገኘውና በኢስታንቡል ሙዚየም የሚታየው የእስክንድር ሳርኮፋገስ የተባለው የድንጋይ ሣጥን ደግሞ በመቄዶንያውያንና በፋርሳውያን ልብስ ላይ የነበሩ ቀለሞችን ርዝራዥ ይዟል። በቻይና እ.ኤ.አ በ1974 የተገኙት የሸክላ ወታደሮች ከምድር ሲወጡ የነበራቸው ቀለም አየር ሲነካው በፍጥነት መላጡ፣ እንዲህ ያለው ማስረጃ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ አሳይቷል።

ማስረጃ ባልተሟላበት ቦታ ግምት መግባቱ አይቀርም። ችግሩ የሚመጣው ግምቱ እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ነው። አንድ ሰው ከፊልም ያየውን ልብስ ለ48 ወታደሮች ይቀባል። የሠራዊቱ ፎቶግራፍ በመጽሔት ይወጣል። ሌላው ፎቶግራፉን ተመልክቶ ይቀባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምንጩ ፊልም መሆኑ ይረሳና "ሠራዊቱ እንዲህ ይለብስ ነበር" የሚል ዕውቀት ሆኖ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ሠራዊት አጭር መዝገብ ይይዛሉ። በመዝገቡም የጋሻው ቅርጽ ከየትኛው ቅርስ፣ የልብሱ ቀለም ከየትኛው ሥዕል እንደተወሰደ፣ የትኛው ደግሞ በግምት እንደተሞላ ለይተው ያሰፍራሉ።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በጦርነት ጨዋታ ደንቦች የሠራዊት ዝርዝር ውስጥ የሐበሻ ሠራዊት ተካትቶ ይገኛል። ሠራዊቱን ለመቅረጽ የተነሳ ሰው መነሻ የሚሆኑት ምንጮች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ጠቃሚ ናቸው። የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕር ንግድ መመሪያ በአዱሊስ በኩል ይገባ የነበረው ብረት ለዝሆንና ለሌሎች አራዊት አደን እንዲሁም ለጦርነት የሚሆኑ ጦሮችን ለመሥራት ይውል እንደነበር ይገልጻል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ንጉሥ ኢዛና ያስቀረጻቸው ጽሑፎች የዘመቻዎቹን ውጤት በቁጥር መዝግበው አቆይተዋል። "ሠራዊት" የሚለው ቃል ነጠላ የሆነው "ሠርዌ" የሚለው የግዕዝ ቃልም በእነዚሁ ጽሑፎች ውስጥ የጦር ክፍል መጠሪያ ሆኖ ይገኛል።

በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን መልእክተኛ የአክሱሙን ንጉሥ አፄ ካሌብን እንዴት ባለ ሁኔታ እንዳገኛቸው የሚገልጽ ዘገባም በዮሐንስ ማላላስ የታሪክ መጽሐፍ ተጠብቆ ቆይቷል። በዘገባው መሠረት ንጉሡ ወርቅ የተጠለፈበት የተልባ እግር ሽርጥ አገልድመው፣ በራሳቸው ላይ ወርቅ የተሠራበት ጥምጥም አድርገው፣ ትንሽ በወርቅ የተለበጠ ጋሻና ሁለት በወርቅ የተለበጡ ጦሮች ይዘው በአራት ዝሆኖች ላይ በተዘጋጀ መድረክ ቆመው ነበር። ይህ መግለጫ ቀለም ቀቢ ሊመኘው የሚችለውን ዝርዝር ሁሉ የያዘ ነው። ሆኖም የሚገልጸው የንጉሥን ክብረ በዓላዊ አለባበስ እንጂ የተራውን ወታደር የዘመቻ ልብስ አይደለም። ዝሆኖቹም የታዩት በአቀባበል ሥነ ሥርዓት ላይ እንጂ በውጊያ ሰልፍ ውስጥ አይደለም። ወርቁን ለወታደሩ ሁሉ ማልበስም ሆነ ዝሆኖቹን በጦር ግንባር ማሰለፍ ከማስረጃው ወሰን ማለፍ ይሆናል።

የዝሆን ጉዳይ ራሱ ማስረጃ ሲሻሻል ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራዊትም መሻሻል እንዳለበት ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ በ217 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የግብጹ ገዥ አራተኛው ጰጦሌሜዎስ 73 የአፍሪካ ዝሆኖችን፣ የሶርያው ገዥ ሦስተኛው አንጥዮኮስ ደግሞ 102 የሕንድ ዝሆኖችን ይዘው ራፊያ ላይ ተዋግተዋል። ፖሊቢዩስ የአፍሪካዎቹ በመጠን ያንሱ እንደነበር ስለጻፈ፣ በርካታ ተመራማሪዎች ከቀይ ባሕር ዳርቻ አካባቢ የተያዙት ዝሆኖች አነስተኛ የሆነው የደን ዝሆን ዝርያ ነበሩ ሲሉ ቆይተዋል። የጨዋታው አፍቃሪዎችም ትንሽ ዝሆን መርጠው ያሰልፉ ነበር። እ.ኤ.አ በ2014 በኤርትራ በሚገኙ ዝሆኖች ላይ ይፋ የሆነ የዘር ምርመራ ግን የአካባቢው ዝሆኖች ትልቁ የሜዳ ዝሆን ዝርያ መሆናቸውን አረጋግጧል። መዝገብ የያዘ ሠሪ ትንሽ ዝሆን የመረጠበትን ምክንያት አውቆ ለማረም ይችላል። መዝገብ ያልያዘው ግን የሚያርመው ነገር መኖሩንም አያውቅም።

በአሁኑ ወቅት ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ፣ ራስና እጃቸው እየተቀያየረ የሚገጠም ጥንታዊ ወታደሮች በብዛት ይመረታሉ። ስሪ ዲ ፕሪንተር በሚባለው ማተሚያ አማካይነትም ማንኛውም ሰው በኮምፒውተር የቀረጸውን ምስል በቤቱ ማምረት ይችላል። መሣሪያው የምላጩንና የሽቦውን ድካም ቢያቃልልም፣ ወታደሩ ምን ይመስል እንደነበር የመወሰኑን ኃላፊነት አያነሳም። ይልቁንም አንድ የተሳሳተ ምስል በፍጥነት ተባዝቶ በየአገሩ የሚሠራጭበትን ዕድል ያሰፋዋል።

ለዚህ ሁሉ መሠረት የሚሆነው በጊዜው የተመዘገበና የተጠበቀ ማስረጃ ነው። ሦስተኛው ጰጦሌሜዎስ ከቀይ ባሕር አካባቢ ያስያዛቸውን የጦር ዝሆኖች የሚጠቅሰው የአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍ ለዚህ አብነት ይሆናል። አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ወደ ሂምያር ለመዝመት በሚዘጋጁበት በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ። ገዥውም ሥራውን በወቅቱ በከተማዋ ለነበረው ነጋዴ ለኮስማስና ለባልደረባው ሰጠ። እነርሱም ገልብጠው ለገዥው ካስረከቡ በኋላ አንድ ቅጂ ለራሳቸው አስቀሩ። የድንጋዩ ጽሑፍ ዛሬ የለም። ጽሑፉ የሚታወቀው ኮስማስ በመጽሐፉ ውስጥ ባሰፈረው በዚያ ቅጂ አማካይነት ብቻ ነው።

በመሆኑም ስለ ራፊያ ዝሆኖች ምንጭ የሚጠይቅ ተመራማሪም ሆነ በጠረጴዛው ላይ ትንሽ ዝሆን የሚያሰልፍ የጨዋታ አፍቃሪ ዛሬ የሚጠቀምበት ማስረጃ የተረፈው በአንድ የአስተዳደር ትእዛዝና በጥንቃቄ በተያዘ ግልባጭ ነው። ቅርስን መመዝገብ፣ ግልባጭ መያዝና የሚታወቀውን ከሚገመተው ለይቶ ማስፈር የዕለት ተዕለት የጽሕፈት ሥራ ቢመስልም፣ አንድ ሕዝብ ነገ ስለ ትናንቱ የሚኖረውን ምስል የሚወስን ተግባር መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።